የአስናቀው መተንፈሻ

ቄስ አካለ ወልድን እንቅልፍ የወሰዳቸው ቆመው ነው። ያውም በዘመድ አርባ ላይ፣ ያውም የሟቹ ስም በሚጠራበት ቦታ።

ነገሩ የሆነው ሞጣ ነው። ሟቹ አስናቀው የአክስታቸው ልጅ ነበር። አርባው ሲደርስ ቄሱ ከባለቤታቸው ከይርጋነሽ ጋር ከቢቸና መጥተው፣ ከደብሩ ካህናት ጋር ፍትሐቱን ሊያደርሱ ቆሙ። ሠላሳ አራት ዓመት የቀደሱ፣ ድምፃቸው ከቢቸና አልፎ እስከ ደብረ ወርቅ የሚወደድ ሰው ናቸውና የሞጣ ካህናት ለእንግዳ ክብር ብለው የሟቹ ስም የሚጠራበትን ክፍል ለእሳቸው ተዉላቸው። እሳቸውም መቋሚያቸውን ተደግፈው «ነፍሰ ገብርከ…» ብለው ጀመሩ። ቀጥሎ መምጣት የነበረበት የአስናቀው የክርስትና ስም፣ ሣህለ ማርያም፣ ነበር። የመጣው ግን ማንኮራፋት ሆነ።

ማንኮራፋት ሲባል ትንሽ የአፍንጫ ፉጨት አይምሰላችሁ። ከደረት ተጎትቶ የሚወጣ፣ የቆመ ሰው የሚያስደነግጥ፣ ከዚያም ሳይታሰብ ቁርጥ የሚል ነው። ሲቆረጥ ቤተ ክርስቲያኑ ጸጥ አለ። ሁሉም ሰው ትንፋሹን ዋጠ፤ ቄሱም ጭምር፤ ልዩነቱ እሳቸው አለማወቃቸው ነው። ቆይተው ታንቆ እንደተለቀቀ ሰው አየር ጎትተው ባነኑ። መቋሚያው ከእጃቸው አምልጦ ወለሉ ላይ ዷ ብሎ ወደቀ። አጠገባቸው የነበረው ካህን ፈጠን ብሎ «ሣህለ ማርያም» ሲል ቦታውን ሸፈነላቸው።

ለቀስተኛ ለሐዘን ይምጣ እንጂ ዓይኑንና አፉን ቤቱ ትቶ አይመጣም። አንዷ «ጠላውን ከጠዋት ጀምረውት ነው» አለች። ሌላው «የአክስታቸው ልጅ ምን በደላቸው!» አለ። ቄሱ ሁለቱንም ሰሙ። ጠላ ይቅርና ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ በአፋቸው አልዞረም ነበር፤ ይህን ግን ለማን ቆመው ያስረዳሉ? ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቀን በፊትም ቅዳሴ ላይ ሸለብ አድርጓቸው ያውቃል። እንዲህ በሕዝብ ፊት ሲዋረዱ ግን የመጀመሪያቸው ነው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

ከዚያ ሁሉ ሰው ያልተናደደችው የሟቹ ሚስት ፀሐይነሽ ብቻ ናት። ፀሐይነሽ በሞጣ የታወቀች ልብስ ሰፊ ናት። አምሳ ዓመት አልፏታል፤ ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ስትናገር ቃል የማታባክን። ሰው ፊቷ ሲቆም ሜትሯን ሳታነሣ ትከሻውን በዓይኗ ትለካዋለች ይሏታል። እንግዳውን አስተናግዳ ስታበቃ ጥቁር ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ ከቄሱ ፊት በርከክ አለች።

«አባቴ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?»

«ለጸሎት ማለትሽ ነው?»

«ታንቀው።»

መልሱ የመጣው ከጎናቸው ከተቀመጠችው ከይርጋነሽ ነው። «እኔን ጠይቂኝ እንጂ እሳቸውማ ምን ያውቃሉ! ትንፋሻቸው ጥፍት ይላል። በክርኔ ስጎስማቸው ይመለሳል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጥፍት። ሠላሳ ዓመት በክርኔ ነው ያኖርኳቸው» አለች።

«ጠዋት ራስዎን ይከብድዎታል? ከተቀመጡ ይወስድዎታል?»

ቄሱ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስንፍና ነው ብለው ለንስሐ አባታቸው ስንት ጊዜ ተናግረውታል፤ ስንት ስግደት ሰግደውበታል።

«ይህ ስንፍና አይደለም አባቴ» አለች ፀሐይነሽ። «በሽታ ነው። የአስናቀውም እንዲሁ ነበር። ቅድም ሲያንኮራፉ አስናቀው ተመልሶ የመጣ መስሎኝ ልቤ ደነገጠ።»

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና አንድ ጥቁር ቦርሳ ይዛ ወጣች። ከውስጡ ያወጣችው የጫማ ሳጥን የሚያክል ግራጫ ማሽን ነው፤ ረጅም ቱቦ አለው። አየር በኀይል ወደ አፍንጫ እየነፋ የተኛ ሰው ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሆኑን ነገረቻቸው። የአስናቀው ወንድም ከውጭ አምጥቶለት አራት ዓመት ተኝቶበታል። በመጨረሻ የገደለው ጉበቱ ነው፤ በትንፋሹ በኩል ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን ደህና ነበር።

«እንግዲህ ከዚህ ቤት የሚተነፍስበት የለም። ለእርስዎ ይሆናል» አለች። ቄሱ እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ግን ማሽኑን ወደ ራሷ ሳበችው። «ዛሬ አልሰጥዎትም። ይህ በአስናቀው ልክ የተሰፋ ነው። መጀመሪያ ሐኪም ይለካዎትና በእርስዎ ልክ ያስተካክለው።»

«ዋጋውስ?» አሉ ቄሱ።

ፀሐይነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። «ዋጋ አልፈልግም። ዛሬ ያልጠሩትን ስም በሙት ዓመቱ ነቅተው ይጥሩልኝ። ሌላ ምንም አልልዎትም።»

ቄስ አካለ ወልድ በሰው ፊት የማያለቅሱ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። ባሏን የቀበረች ሴት፣ የባሏን ፍትሐት ያበላሸባትን ሰው እንዴት ይተነፍሳል ብላ ታስብለታለች? እሳቸው ቢሆኑ ይህን ያደርጉት እንደሆነ ራሳቸውን ጠየቁ፤ መልሱን አልወደዱትም።

መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን ቄሱና ይርጋነሽ ፀሐይነሽ ለሐኪሙ ብላ የላከችላቸውን ማሽን ይዘው አዲስ አበባ ወረዱ። ሐኪሙ አንድ ሌሊት ሽቦ በሽቦ አድርጎ አስተኛቸው። ሲነጋ ወረቀቱን እያየ «አባ፣ በየሰዓቱ አርባ ሦስት ጊዜ ትንፋሽዎ ይቋረጣል» አላቸው። ይርጋነሽ ክርኗን አሻሸች። ሐኪሙ እንዲህ ከቀጠለ ልብም እንደሚጎዳ ነገራቸው፤ ማሽኑን መረመረ፣ የሚነፋበትን ኀይል በእሳቸው ልክ አደረገው፣ ቱቦውንና ማጣሪያውንም በአዲስ አስለወጠ።

ችግር የመጣው ጭንብሉ ላይ ነው። አፍና አፍንጫን አንድ ላይ የሚሸፍነው ጭንብል ከጢማቸው ጋር አልስማማ ብሎ በየጎኑ እየነፈሰ አስቸገረ። ጭንብሉን የሚለካላቸው ጎልማሳ ባለሙያ በቅንነት «ጢምዎን ትንሽ ቢያነሱት…» ብሎ ጀመረ። ቄሱ በተቀመጡበት ቀና አሉ። ጢማቸው ከክህነታቸው ጋር አብሮ የበቀለ ነው፤ እሱን ተላጭተው ቢቸና ከሚገቡ አርባ ሦስቱን ሰማንያ ስድስት ቢያደርጉላቸው ይመርጣሉ። ጎልማሳው ነገሩ ገባውና ከአፍንጫ ቀዳዳ ሥር ብቻ የሚቀመጥ ትንሽ ጭንብል አመጣላቸው። ይህኛው ጢም አይነካም። «ግን ሲተኙ አፍዎ ከተከፈተ አየሩ ሁሉ በዚያ ይወጣል፤ አገጭዎን የሚይዝ ማሰሪያ ያስፈልጋል። እሱ ለጊዜው የለንም» አላቸው።

ይርጋነሽ ይህን በስልክ ስትነግራት ፀሐይነሽ «እሱን ለእኔ ተዉት» አለች።

በሳምንቱ ከሞጣ በሚኒባስ ተነሥታ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቢቸና መጣች። አክስቷ ቤት እያደረች ሦስት ቀን ተመላለሰች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቱቦው ከማሽኑ የሚገጥምበትን ጫፍ በቀይ ክር፣ ከጭንብሉ የሚገጥመውን በነጭ ክር መጠቅለል ነው። ማብሪያዋ ላይም ከልብስ የተረፈች ቀይ ጨርቅ ለጠፈች። ማጣሪያው በየስንት ቀኑ እንደሚራገፍ፣ ውሃ መያዣው በምን እንደሚታጠብ፣ ጭንብሉ በየጠዋቱ በለብታ ውሃና በሳሙና እንደሚጠረግ አንድ በአንድ አሳየች። የእንግሊዝኛውን መመሪያ አንብባው አታውቅም። ማሽኑን ግን አራት ዓመት እንደ ልጅ ይዛው ኖራለች፤ ድምፁ ትንሽ ሲቀየር ምን እንዳመመው ታውቃለች።

ቄሱ ምሽቱን ሊጀምሩ ሲዘጋጁ ፀሐይነሽ ከለከለቻቸው።

«ዛሬ አይተኙበትም። አስናቀው በመጀመሪያው ማታ አድርጎት ሊታፈን መስሎት ግድግዳው ላይ ወረወረው። መጀመሪያ በቀን፣ ተቀምጠው፣ ከነፋሱ ጋር ይተዋወቁ። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እስኪያደርሱ ድረስ ብቻ። ነገ ሁለት ጊዜ ያደርጉታል።»

«ለአስናቀውስ ምን እስኪያልቅ ነበር ያልሽው?» አሉ ቄሱ።

«እሱማ ዜና እስኪያልቅ ነበር። ሰው በለመደው ይለካል።»

በረንዳው ላይ ወንበር ወጣ፣ ገመዱ በመስኮት ተሳበ፣ ማሽኑ መንፋት ጀመረ። ቄሱ ግን በሕይወታቸው ውዳሴ ማርያም ድምፅ ሳያወጡ አድርሰው አያውቁም። ልማድ አሸነፋቸውና አፋቸውን ከፈቱ። በአፍንጫቸው የገባው ነፋስ በአፋቸው ሾልኮ ጢማቸውን አርገበገበው። የሚሉት ጠፍቷቸው ጉንጫቸው ተነፍቶ ሲቀሩ ይርጋነሽ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ በግድግዳው ዞራ ሄዳ ሳቀች። ፀሐይነሽ ግን ፈገግ እንኳ አላለችም። «በልብዎ አባቴ። አፍ ዝግ፣ በልብ» አለች። በልባቸው ጀመሩ። አራት ጊዜ አቋርጠው በአምስተኛው ጨረሱ። በማግስቱ ሁለት ጊዜ አደረጉ፤ ለሁለተኛው ጊዜ ነፋሱን ረስተውት ነበር።

የአገጩ ማሰሪያ ነገር የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ፀሐይነሽ ከቄሱ አሮጌ ነጭ ጥምጣም አንድ ቅዳጅ ወሰደች፤ የሰውን ትከሻ በዓይኗ የምትለካው ሴት የእሳቸውን ፊት ግን ሜትር አውጥታ ሁለት ጊዜ ለካች። ድርብ አድርጋ ሰፋችው፣ ጫፉ ላይ ላስቲክ አስገባችበት። «በይ እሰሪላቸው» ብላ ለይርጋነሽ ሰጠቻት። ይርጋነሽ ጨርቁን ከአገጫቸው ሥር አሳልፋ ወደ አናታቸው ልትወስድ ስትል እጇ ቆመ። ነጭ ጨርቅ፣ ከአገጭ ሥር፣ ወደ አናት። የሞተ ሰው መንጋጋ የሚታሰረው እንዲሁ ነው።

«አልችልም» አለች። «በቁማቸው ልገንዛቸው? አላደርገውም!» ጨርቁን አልጋው ላይ ጣለችና ፊቷን ሸፍና ወደ ደጅ ልትወጣ ተነሣች።

ፀሐይነሽ ክንዷን ያዘቻት። ጨርቁን ከአልጋው አንሥታ በመዳፏ ዳበሰችው።

«እኔ የአስናቀውን አገጭ አራት ዓመት በየማታው አስሬአለሁ» አለች። «ጠዋት ጠዋት እፈታዋለሁ። ያልፈታሁት አንድ ቀን ብቻ ነው።»

ፀሐይነሽ ራሷ ጨርቁን ከቄሱ አገጭ ሥር አሳለፈች፣ ከአናታቸው ትንሽ ወደ ኋላ አገናኘችው፣ ጣቷን አስገብታ እንዳልጠበቀ አየች። ከዚያ የይርጋነሽን እጅ ይዛ ቋጠሮው ላይ አኖረችው። «መፍታቱን ተለማመጂ። ማሰሩን ሁሉም ያውቀዋል» አለቻት። ይርጋነሽ እያለቀሰች ፈታች። ፀሐይነሽ አሰረች፣ ይርጋነሽ ፈታች። ሦስተኛው ላይ ይርጋነሽ ራሷ አሰረች።

ቄስ አካለ ወልድ በሁለቱ ሴቶች እጅ መካከል ተቀምጠው ነበር። አገጫቸው ታስሯልና መናገርም አይችሉም። ስንት መጽሐፍ ያወቁ፣ ስንት ሊቅ ያዩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ጀግና ግን አይቻለሁ ለማለት ያን ቀን አልደፈሩም። ይህች ሴት ከሐዘኗ ላይ ቆርጣ ለሌላ ሰው ልብስ ትሰፋለች። ሰፍታ ስታበቃ ደግሞ ክሩን በጥርሷ በጥሳ «ለነገ ምሽት ደርሷል» ብላ ሜትሯን ትጠቀልላለች።

ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። መኪናው እስኪሞላ ሲጠብቁ ይርጋነሽ «አንቺስ እንቅልፍ እንዴት ነው?» አለቻት።

«የለኝም» አለች ፀሐይነሽ። «አራት ዓመት የዚህን ማሽን ድምፅ እየሰማሁ ተኛሁ። አሁን ቤቱ ዝም ሲል እነቃለሁ።» ሌላ አልጨመረችም። መኪናው ሞላና ገባች።

ማሽኑ ሠራ። መሥራት ብቻ አይደለም፤ ቄሱ በመጀመሪያው ጠዋት ሲነሡ ራሳቸው ቀሎ፣ የሰውነታቸው ግማሽ ሌላ ሰው የተሸከመላቸው መሰላቸው። ከስንት ዓመት በኋላ ሕልም አዩ። ያልተኛችው ይርጋነሽ ናት፤ ጸጥታው አስደንግጧት ሦስት ጊዜ ተነሥታ እጇን ደረታቸው ላይ እያደረገች አረጋግጣለች። በሁለተኛው ሳምንት እሷም ለመደችው። ቄሱ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሌላ ሰው ሆኑ። ከምሳ በኋላ መጽሐፍ ይዘው ተቀምጠው ገጽ ይገልጡ ጀመር፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ከሰው ጋር እስከ መጨረሻው ይጫወታሉ።

እሑድ ግን ያው ናቸው። በመጀመሪያው እሑድ ወንጌል ሲነበብ ሸለብ አደረጋቸው። በሁለተኛውም። በሦስተኛው ጽናውን ይዘው ሲያጥኑ እጃቸው ወረደና ፍሙ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ዲያቆኑ በባዶ እግሩ እየረገጠ አጠፋው። የተቃጠለው ምንጣፍ የመዳፍ ያህል ነው፤ ቄሱ ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ ከዚያች ጥቁር ቦታ ላይ ዓይናቸውን መንቀል አልቻሉም። የዛሬው ፍም ነው፤ የሚመጣው እሑድ ሥጋውና ደሙ ቢሆንስ?

ቤታቸው ገብተው ለይርጋነሽ «ለደብሩ አስተዳዳሪ እነግራለሁ። ከእንግዲህ አልቀድስም» አሏት። በሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ሲሉ ሰምታቸው አታውቅም። የሙት ዓመቱን ቃል አነሣችባቸው። «ለፀሐይነሽም ሌላ ቄስ ትፈልግ በያት» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ይርጋነሽ ስልክ ደወለች። ፀሐይነሽ እንደ ልማዷ ከጥያቄ ጀመረች። በየትኛው ቀን? እሑድ ብቻ? ሰኞ ደህና ናቸው? ቅዳሜ ማታ ማን ያስርላቸዋል?

«ቅዳሜማ ለብቻቸው ነው የሚያድሩት» አለች ይርጋነሽ። «ቀዳሽ አይደሉ? ከእኔ ተለይተው በማዶው ክፍል ነው። ማሽኑንም ራሳቸው ይወስዱታል።»

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች ፀሐይነሽ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰች። ቄሱ ደብር ሄደዋል። ከይርጋነሽ ጋር ወደ ማዶው ክፍል ገቡ፤ መኝታው ተነጥፏል፣ ዳዊቱ ራስጌው ላይ ተቀምጧል፣ ማሽኑ ግን ከነቦርሳው ዚፑ ተዘግቶ ከአልጋው ሥር ጥግ ላይ ተገፍቷል። ፀሐይነሽ በጣቷ አሳየቻት፤ ማታ የሚተኙበት ቢሆን ራስጌው ላይ ከዳዊቱ አጠገብ ይቀመጥ ነበር እንጂ ከአልጋ ሥር አይገፋም። ይርጋነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ቄሱ ሲመጡ ሁለቱ ሴቶች በረንዳው ላይ ጠበቋቸው። ቦርሳው መካከላቸው ነበር። ሲያዩት ተረዱ፤ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ቅዳሜ ማታ አያደርጉትም» አለች ፀሐይነሽ። ጥያቄ አልነበረም።

«ውሃ አለበት» አሉ ቄሱ።

ማሽኑ ነፋሱ አፍንጫ እንዳያደርቅ ውሃ ይያዝበታል፤ ውሃው ይሞቃል፣ እንፋሎቱ ከነፋሱ ጋር ይገባል። ቀዳሽ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፉ አይዞርም። ቄሱ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጭንብሉን አድርገው ሳለ ጉሮሯቸው ላይ ርጥበት ተሰማቸውና ደንግጠው አወለቁት። ጾም ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም? የሚጠይቁት አላጡም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሰው ሁሉ የሚያመጣው ለእሳቸው ነው፤ መጠየቁ አሳፈራቸው። ስለዚህ ከሁሉም ማታ ይልቅ በሚያስፈልጋቸው ማታ ማሽኑን ከአልጋ ሥር ገፉት። የይርጋነሽ ክርን እንኳ በሌለበት ማታ። ይህን ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ነገሯቸው።

አንዳንድ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይከራከር ነበር። እንፋሎት ውሃ ነው አይደለም፣ በሽተኛ ይፈቀድለታል አይፈቀድለትም እያለ ቄሱን በሙያቸው ሊያስተምር ይነሣ ነበር። ፀሐይነሽ እንዲህ ያለ ነገር አልሞከራትም።

«የመጽሐፉን እርስዎ ያውቃሉ» አለች። «የማሽኑን ግን እኔ አውቃለሁ። ውሃ የግድ አይልም።»

ቦርሳውን ከፈተች። ውሃ መያዣውን ሳብ አድርጋ አወጣችው፣ ደፋችው፣ በንጹሕ ጨርቅ እስኪደርቅ ወለወለችው፤ ባዶውን መልሳ ገጠመችና የሚያሞቀውን ክፍል አጠፋችው። «ሞጣ ውሃ አንድ ወር የጠፋ ጊዜ አስናቀው በባዶው ነው የተኛው። ሐኪሙን ደውለን ጠይቀን ‹ይቻላል፣ አፍንጫ ያደርቃል እንጂ ሌላ አይጎዳም› ብሎናል። ጉሮሮዎ ይደርቃል አባቴ። ለዚያ አዝናለሁ።»

ማሽኑን አበራችው። ቄሱ ጭንብሉን አንሥተው መዳፋቸው ላይ አነፈሱት። ደረቅ ነፋስ ነው። መዳፋቸውን ደጋግመው አገላበጡ፣ በጣታቸው አሹት፤ ምንም ርጥበት የለም። ቀና ብለው ፀሐይነሽን አዩዋት።

«ከሞጣ ድረስ ይህን ልትነግሪኝ መጣሽ?»

«በስልክ ብጠይቅዎ ይነግሩኝ ነበር?» አለች።

አይነግሯትም ነበር፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ቄሱ ተነሥተው፣ ዕድሜያቸውንም ክህነታቸውንም ሳያስቡ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት። ፀሐይነሽ ደንግጣ «ኧረ አባቴ፣ ኧረ በስመ አብ!» እያለች ወደ ኋላ ሸሸች፤ ሽሽቷ ወንበሩን ገለበጠው። ይርጋነሽ በዚህኛው ጊዜ አልተደበቀችም፤ እዚያው ሳቀች።

በማግስቱ ቄስ አካለ ወልድ ጉሮሯቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ጠርቶ ቀደሱ። ወንጌሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙ። የተቃጠለችው ምንጣፍ ላይ ቆመው ጽናውን ወዘወዙ፣ አንዲት ፍም አልወደቀችም። ለአስተዳዳሪው ሊናገሩት ያሰቡት ነገር እዚያው ቀረ።

የአስናቀው ሙት ዓመት በጥር ዋለ፤ እንዳጋጣሚም እሑድ። ቄሱና ይርጋነሽ ቅዳሜ ሞጣ ገብተው ፀሐይነሽ ቤት አደሩ። ለቄሱ የስፌት ክፍሏ ተለቀቀላቸው፤ ይርጋነሽ ከፀሐይነሽ ጋር ከግድግዳው ወዲያ ተኛች። ግድግዳው ቀጭን ነው። ማሽኑ ውሃው ተደፍቶ፣ ደርቆ፣ በቀይና በነጭ ክሩ ራስጌያቸው ተቀመጠ።

ጎሕ ሲቀድ ቄሱ ተነሥተው ደብሩ ሄዱ። ቅዳሴው ተጀመረ፣ ተጋመሰ፣ ይርጋነሽ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ቆመች፤ ፀሐይነሽ ግን የለችም። ቅዳሴው አልቆ ካህናቱ ለፍትሐቱ ሲሰለፉም አልመጣችም። ለቀስተኛው መተያየት ጀመረ። በአርባው ዕለት የጠላውን ነገር ያነሣችው ሴትዮም ነበረች፤ አፏም አብሯት መጥቷል። «በባሏ ሙት ዓመት! ምን ያለ ጉድ ነው!» አለች።

አንዱ ካህን ወደ ይርጋነሽ ሰው ልኮ አስጠየቀ። ይርጋነሽ መጥታ ለቄሱ በጆሯቸው ነገረቻቸው። «ተኝታለች። ማታ የማሽንዎ ድምፅ እንደተነሣ ወሰዳት። ስነሣ ጠራኋት፣ አልሰማችኝም። ደግሜ ለመጥራት አልጨከንኩም።»

«ልጅ ልከን እናስቀስቅሳት» አለ ካህኑ።

«ተዉአት» አሉ ቄስ አካለ ወልድ። «ዓመት ሙሉ አልተኛችም። እኔ ነቅቻለሁ፤ ይበቃል።» ይህን ያሉት ሴትዮዋ እንድትሰማቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው፤ ሰማችም።

ፍትሐቱ ተጀመረ። የሟቹ ስም የሚጠራበት ክፍል ሲደርስ የሞጣ ካህናት እንደ ዓምናው ለእንግዳው ተዉላቸው፤ አንዳንዶቹ ግን በቆረጣ እያዩዋቸው ነው። ቄሱ መቋሚያቸውን ያዙ፤ አልተደገፉትም። «ነፍሰ ገብርከ…» ብለው ሲጀምሩ ፀሐይነሽ በር ላይ ታየች። እየሮጠች ነው የመጣችው። ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳዋለች፣ ጉንጯ ላይ የትራስ ምልክት ተጋድሟል። ልኳን ያልጠበቀ ነገር ለብሳ የታየችው በዕድሜዋ ያን ጠዋት ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

ቄሱ በአፍንጫቸው አየር ሳቡ፤ ሞልቶ ገባላቸው።

«ሣህለ ማርያም» አሉ።

ቀጥሎ ያለውን ካህናቱ ሊያነሡ ሲሉ መቋሚያቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው አስቆሟቸው። ደግመው፣ ቃሉን ሳይቆርጡ፣ «ነፍሰ ገብርከ ሣህለ ማርያም» አሉ። አንዱ የዛሬው ነው፣ አንዱ የአርባው። ፀሐይነሽ በሩ ላይ እንደቆመች ሁለቱንም ሰማች።